ሕግ በበዓል ቀን ሲወጣ

እናንተዬ፣ ያን ዘመን ሳስታውስ ዛሬም ልቤ ይፈነድቃል! ሕግ በበዓል ቀን የሚወጣበት ዘመን ነበር። የወንጀለኛ መቅጫ ሕጉ ሐምሌ 16 ቀን 1949 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ ልደት ወጣ። ፍትሐ ብሔሩ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. በድል በዓል፣ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓቱ ደግሞ ጥቅምት 23 ቀን 1954 ዓ.ም. በዘውድ በዓል። የንግዱንና የባሕሩን ሕግ፣ ኋላም በ1958 የመጣውን የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ጨምሩበት፤ ዐሥር ዓመት ሳይሞላ ስድስት ታላላቅ የሕግ መጻሕፍት! ፍትሐ ብሔሩ ብቻውን 3,367 አንቀጽ ነበረው። እኛ ስድስት ኪሎ የሕግ ትምህርት ቤት የገባን ወጣቶች ያን ነጋሪት ጋዜጣ በብብታችን ሸጉጠን ስንሄድ እግራችን መሬት አይነካም ነበር። ትምህርት ቤቱ የተከፈተው በ1956 ዓ.ም. ነው፤ ሕጉም አዲስ፣ አስተማሪውም አዲስ፣ እኛም አዲስ!

ደስታችን የሚገባው ከዚያ በፊት የነበረውን የሰማ ሰው ነው። አያቴ የሌባ ሻይን ነገር ሲያወሩልን ትንፋሻችንን ውጠን እንሰማ ነበር። ዕቃ ሲጠፋ አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣል፣ ጢስ ይታጠናል፣ ወገቡን በገመድ ታስሮ ይለቀቃል። እየተንገዳገደ መንደሩን ያስሳል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው፣ አለቀ! አውጫጭኝም ነበር። የአገሩ ሰው ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፣ ነገሩ እስኪወጣ ማንም ወደ እርሻው አይመለስም፣ ያየ ሰው ስሙ እንዳይነሣ «ወፍ ነገረኝ» ይላል። ቁራኛውስ! ባለዕዳና አበዳሪ፣ ከሳሽና ተከሳሽ፣ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው ወይም በሰንሰለት ተያይዘው አብረው እየበሉ፣ አብረው እያደሩ ዳኛ ዘንድ ይሄዳሉ።

ይህን ስል የጥንቱን ሁሉ መናቄ አይደለም፤ ኧረ በጭራሽ! «በላ ልበልሃ» የተባለውን ሙግት የመሰለ ነገር ዛሬ ከየት ይገኛል? ተሟጋቹ ነጠላውን አደግድጎ፣ ዘንጉን እየወዘወዘ፣ ነገሩን በግጥም እያዋዛ፣ ማርና በቅሎ እያስያዘ ሲወራረድ አላፊ አግዳሚው ሥራውን ትቶ ይቆማል። «በሕግ አምላክ!» ብሎ የጮኸ ሰው የተነሣን ዱላ አየር ላይ ያስቀር ነበር። እንዲህ ያለ ሕዝብ ሕግ ወዳድ ካልተባለ ማን ይባላል? ፍትሐ ነገሥቱም ነበረን፤ በ1923 ዓ.ም. የወጣ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ነበረን። ሕጉን በቤቱ ገልጦ ማየት የሚችል ሰው ግን ጥቂት ነበር።

የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ረቂቅ ያዘጋጁት የጄኔቫው ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ናቸው፤ የፍትሐ ብሔሩን የፓሪሱ ሬኔ ዳቪድ። የባዕድ እጅ ነው ብለው የሚያጉረመርሙ ነበሩ፤ በፍትሐ ብሔሩ ላይ ቅሬታቸው እውነት አለው፣ ብዙ የአገር ልማድ በአንድ አንቀጽ ተሽሯልና። በወንጀሉ ግን ደስታዬ ወሰን የለውም። ሕግ አስቀድሞ ወንጀል ባላለው ሥራ ማንም አይቀጣም፤ ሰው የሚጠየቀው በራሱ ጥፋት ነው፤ ዳኛው ከመፍረዱ በፊት የአድራጊውን አሳብ ይመረምራል። እነዚህ ነገሮች በአማርኛ ታትመው ሳንቲም ላለው ሁሉ ሲሸጡ አስቡት!

ከሁሉ በላይ ያሰከረን ግን 48 ሰዓት ነው። በ1954ቱ ሥነ ሥርዓት ፖሊስ የያዘውን ሰው፣ የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ማቅረብ አለበት። አርባ ስምንት! ትናንት በየሹሙ ግቢ ወራት የሚቀመጥ እስረኛ ዛሬ ሰዓት ይቆጠርለታል። በ1958 ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓቱ አንቀጽ 177 መጣ፤ ያለ ሕግ የተያዘ ሰው ወደ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቀርቦ እንዲለቀቅ ማመልከት ይችላል፣ እርሱ ባይችል ሌላ ሰው ቃለ መሐላ ሰጥቶ ያመለክትለታል። ያን አንቀጽ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ይዤው ነበር።

ጥላውንም አልሸሽግም። ሞት በስቅላት ነበር፣ ግርፋትም ከመጽሐፉ አልጠፋም። አንጀቴን የሚያቃጥለኝ ግን ጠለፋ ነው፤ ልጅቱን የጠለፈ ሰው ኋላ ካገባት ከክስ ይድን ነበር። ፍትሐ ብሔሩም ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎ ነበር የጻፈው። ግማሹን ሕዝብ ደጅ ያቆመ ድግስ ነበር ማለት ነው።

አሁንስ? አሁንማ የዚያን ዘመን ዘር ስንት አፍርቷል! 48ቱ ሰዓት በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 ገብቶ የአገር የበላይ ሕግ ሆኗል፤ በየጣቢያው እንዲከበር መጮህ የሁላችንም ፈንታ ነው፣ እስረኛ ያለበት ቤት ሁሉ ሰዓቱን ይቁጠር። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስትን እኩል አደረገ። በ1997 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ያን የጠላፊ መሸሸጊያ አንቀጽ ነቅሎ ጣለው፤ ጋብቻ ከእንግዲህ ጠላፊውን ከክስ አያድነውም! በእኛ ጊዜ ፍርዱን ለማወቅ መዝገብ ቤት ደጅ እንጠና ነበር፤ ዛሬ አንድ ተማሪ የሰበር ሰሚ ችሎትን ውሳኔ በስልኩ ያነባል።

በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ይህን ሰማሁ፦ አፈ ንጉሡ ይቀመጡበት በነበረው በአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት የበላይ ወንበር፣ በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትነት፣ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ተሾሙ። የኢትዮጵያ ሕግ ባለሙያ ሴቶች ማኅበርን ከመሠረቱት አንዷ፣ ሴት፣ ዳኛ! ሬዲዮኑን እንደከፈትኩ ተነሥቼ እልልታዬን አቀለጥኩት፤ ጎረቤት ምን ሆናችሁ ብሎ እስኪመጣ ድረስ አላቆምኩም፤ የመጡትም ሲነገራቸው አብረውኝ እልል አሉ።