የማኅተም ጠባቂ

በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። ነገር ግን ጽሑፍም ብቻውን አይወረስም፤ የጻፈው ማን እንደ ሆነ የሚመሰክርለት ምልክት ያስፈልገዋል። ስለዚህ የሰው ቃል በፊርማው፥ የመንግሥትም ቃል በማኅተሙ ይጸናል። ለማኅተሙስ የሚመሰክርለት ማነው? ይህ ጥያቄ አንድ ቀን በአዲስ አበባ፥ በልደታ ሰፈር፥ ከፍርድ ቤቱ አጥር ማዶ ባለች አንዲት ጠባብ የፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ተነሣ።

ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ወደዚያች ቤት ገብተው፥ በጨርቅ ተጠቅልሎ የኖረ አሮጌ ወረቀት አወጡ። ወረቀቱ አባታቸው በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በጸሐፊነት ማገልገላቸውን የሚገልጽ ነበረ። አባትዬው ባንዱ ሰነድ በክርስትና ስማቸው፥ በሌላው ሰነድ በዓለም ስማቸው ተጽፈው ነበርና፥ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያስረዳ ከዚህ ወረቀት በቀር ለልጃቸው አልቀረላቸውም።

የቤቱ ሠራተኛ የሆነችው ልጅ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዙራ ተመለከተችው። ዘውድ የደፋ አንበሳ በክቡ መካከል ይታያል፤ በዙሪያው ያለው ጽሑፍ ግን ደብዝዟል።

«አባባ፥ ይህ ማኅተም የየትኛው መሥሪያ ቤት ነው?» ስትል ጠየቀች።

«መሥሪያ ቤቱ አሁን የለም፥ ልጄ» አሏት።

«ታዲያ እውነተኛ መሆኑን ማን ይመሰክርልዎታል?»

ሽማግሌው ዝም አሉ።

በቀድሞው ዘመን ይህ ጥያቄ መልስ ነበረው። የንጉሡን ቃል የሚጽፈው፥ ማኅተሙንም የሚጠብቀው ጸሐፌ ትእዛዝ ነበረ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን በሾሙ ጊዜ፥ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የጽሕፈት ሚኒስትር ሆኑ። በ1934 ዓ.ም. ነጋሪት ጋዜጣ ከተቋቋመ በኋላም ሕጉ የሚወጣው በጽሕፈት ሚኒስቴር በኩል ነበረ። እንግዲህ አንድ ማኅተም ያጠራጠረው ሰው ወዴት ሄዶ እንደሚጠይቅ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

በሌላው ዓለም ይህ ሥራ ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት አለው። በእንግሊዝ አገር የዐርማ መዝገብ ቤት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1484 ነው። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1963፥ ካናዳም እ.ኤ.አ. በ1988 የየራሳቸውን አቋቁመዋል። አየርላንድ እ.ኤ.አ. በ1943 ይህን ሥራ ከእንግሊዝ ዘውድ ሹም ተረክባ ብትይዘውም፥ የመሥሪያ ቤቱ ሥልጣን በየትኛው ሕግ ላይ እንደ ቆመ በኋላ ክርክር ተነሣበት። በዘውድ ጊዜ የተተከለ ሥራ ዘውዱ ሲሄድ ሥሩን እንዴት ያጸናል የሚለው ነገር፥ ስለዚህ የኢትዮጵያ ጭንቀት ብቻ አይደለም።

ኢትዮጵያ የየቤተ ሰቡን ዐርማ የሚመዘግብ ሹም አልነበራትም። የመኳንንቱ ክብር በለምድና በጋሻ፥ እንደ አባ ታጠቅና እንደ አባ ዳኘው ባለው የፈረስ ስምም ይታወቅ ነበር። ዛሬም ይህን ማዕርግ ለመመለስ የሚደክም ቢኖር ድካሙ ከንቱ ነው። የመንግሥት ምልክት ግን ሌላ ነገር ነው፤ እርሱ የመኳንንት ጌጥ ሳይሆን የድኻው ማስረጃ ነውና።

ይህም ምልክት ብዙ ጊዜ ተለዋወጠ። ዘውዱ በ1967 ዓ.ም. ከተሻረ በኋላ አንበሳው ዘውዱን አወለቀ፤ ኋላም አንበሳው ራሱ ሄደ። በ1980 ዓ.ም. መግቢያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሲመሠረት ሌላ ዐርማ መጣ፤ ያም መንግሥት በ1983 ዓ.ም. ወደቀ። በሰማያዊ ክብ ላይ ያለው ባለ ጨረር ኮከብ በ1988 ዓ.ም. ታወጀ። ሕገ መንግሥቱም በሦስተኛው አንቀጽ ክልሎች የየራሳቸው ዐርማ እንዲኖራቸው ፈቅዷል። መንግሥት ሲለወጥ ምልክቱ ቢለወጥ የሚያስደንቅ አይደለም። የሚያሳዝነው፥ አዲሱ ማኅተም ሲቀረጽ የአሮጌውን ነገር የሚያውቅ ሰው አብሮ መጥፋቱ ነው። ሰነዱ ግን መንግሥት በተለወጠ ቁጥር አይለወጥም፤ የልጅ ልጅ ይዞት ይመጣል።

አንዳንድ ሰው፥ ክብ ማኅተምና ቲተር ጊዜያቸው አልፏል፥ ከእንግዲህ ሁሉም ነገር በኮምፒዩተር ነው ይል ይሆናል። እውነት ነው፥ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ በዐዋጅ ቁጥር 1072/2010 ሕጋዊ ሆኗል። ነገር ግን ይህ አዲስ ፊርማ ራሱ የሚታመነው፥ የፈራሚውን ማንነት የሚያረጋግጥ ሌላ አካል የምስክር ወረቀት ስለ ሰጠው ነው። ያ አካል ቢዘጋ፥ መዝገቡም ቢጠፋ፥ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚመጣው ሽማግሌ የዛሬውን ሽማግሌ ጥያቄ መልሶ ይጠየቃል። ጥበቡ ቢለወጥም ጠባቂ ማስፈለጉ አልተለወጠም።

የሚያስፈልገውም ብዙ ወጪ አይደለም። የእያንዳንዱ የመንግሥት ማኅተም አሻራ የታተመበት፥ ሥራ የጀመረበትና የተሻረበት ቀን፥ ጠባቂውም ማን እንደ ነበረ የተጻፈበት አንድ መዝገብ፥ መዝገቡንም የሚጠብቅ፥ መንግሥት ሲለወጥ የማይበተን አንድ ክፍል ቢኖር ይበቃል።

በልደታ ያለችው ልጅ ወረቀቱን በመኪናው ላይ አድርጋ አባዛችው። በመጀመሪያው ቅጂ ማኅተሙ ጥቁር እድፍ ሆኖ ወጣ። ሽማግሌው ሲያዝኑ አይታ ቀለሙን አሳስታ እንደ ገና ሞከረች፤ በሁለተኛው አንበሳው ታየ። እርሳቸውም ብዕር ተውሰው፥ ማኅተሙ የየትኛው መሥሪያ ቤት እንደ ነበረና በዙሪያው ምን ተጽፎ እንደ ነበረ፥ የሚያስታውሱትን ያህል በሌላ ወረቀት ላይ ጻፉ።

«ይህን የሚያውቅ ሌላ ሰው አለ፥ አባባ?» አለቻቸው።

«ነበሩ» አሉና ወረቀቶቹን በጨርቁ ጠቅልለው ወደ ፍርድ ቤቱ በር አመሩ።

ምስክር ያልፋል፤ መዝገብ የሚጻፍበትም ጊዜ ምስክሩ ሳያልፍ ነው።