ቁልፉ ተነቅሎም የማይጠፋ ሞተር

ቁልፉን አዙረው ነቅለዋል፤ ቦርሳዎን አንስተዋል፤ በሩንም ከፍተዋል። መኪናዋ ግን አልሰማችም፤ ሞተሯ መንተክተኩን ቀጥሏል። በቤትዎ የቆየች የናፍጣ መርሴዲስ ካለች ይህ አጋጥሞዎት ይሆናል። እንደ ቀልድ የሚታለፍ ብልሽት ይመስላል። ሞተሩን የሚያጠፋው ኃይል ፍሬንዎን ከሚያቀለው ኃይል ጋር አንድ ምንጭ እንዳለው ሲያውቁ ግን ቀልዱ ያበቃል።

የእኛዋ 240 ዲ ናት፤ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1976 እስከ 1985 ከተመረቱት፣ 123 በሚለው የአካል ቁጥር ከሚታወቁት መኪኖች አንዷ። አባቴ በ1986 ዓ.ም. ሁለተኛ እጅ ገዟት። እኔና ወንድሜን ትምህርት ቤት አመላልሰውባታል፤ ታናሽ እህታችን ከሆስፒታል ወደ ቤት የመጣችው በእሷ ነው። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ መንዳት አቁመዋል። እሑድ እሑድ እኔ እነዳለሁ፤ እሳቸው ከጎኔ ተቀምጠው ማርሽ የምቀይርበትን ሰዓት በዝምታ ይቆጣጠራሉ።

ብልሽቱ የጀመረው በበሮቹ ነው። ድሮ የሾፌሩ በር ሲቆለፍ የቀሩት ሦስቱ፣ የኋላው ኮፈንና የናፍጣ መሙያው ክዳን አብረው ጠቅ ይሉ ነበር። መጀመሪያ የኋላ ግራው በር ሰነፈ፤ ከዚያ ሁሉም ተከተሉት። ቀጥሎ ሞተሩ ቁልፉ ከተዘጋ በኋላ አምስት ሰከንድ፣ ዐሥር ሰከንድ መቆየት ጀመረ። በመጨረሻ ጭራሽ አልጠፋም አለ። ያሳየናት አንድ ጋራዥ «የቫኪዩም ፓምፑ ሞቷል፤ መለኪያው ከመመሪያው ቁጥር በታች ነው የሚያነበው» አለን። የፓምፑና የእጅ ዋጋ ሲነገረን ወንድሜ «ሸጠን እንገላገል» አለ። አባቴ መልስ አልሰጡም። የዘይትና የጎማ ቅያሪ ከ1986 ጀምሮ የጻፉበትን ደብተር አጥፈው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ነገሩን እኔው ልመርምረው ያልኩት ያን ጊዜ ነው።

መጀመሪያ ቫኪዩም የሚባለውን እንረዳው። የቤንዚን ሞተር አየር ሲስብ መግቢያው ላይ ያለው ክዳን ስለሚያንቀው የመምጠጥ ኃይል በነጻ ያገኛል። የናፍጣ ሞተር እንዲህ ያለ ክዳን ስለሌለው አየር የሚመጥ ፓምፕ ለብቻው ተገጥሞለታል። ይህ ፓምፕ ሦስት ነገሮችን ያገለግላል፦ ፍሬኑን የሚያቀለውን ሰርቮ፣ የበሮቹን መቆለፊያና ሞተሩን የሚያጠፋውን ቫልቭ። ቁልፉን ሲዘጉ ከጀርባው ያለች ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ የመምጠጡን ኃይል ወደ ናፍጣ ፓምፑ ትልካለች፤ እዚያ ያለው ቫልቭ ይሳብና ናፍጣው ይቋረጣል። በሮቹና ማጥፊያው ከአንድ ምንጭ ስለሚጋሩ፣ በር ውስጥ የተሰነጠቀች አንዲት ጎማ ሞተሩን እንዳይጠፋ ታደርገዋለች። ልጅዎ ቀዳዳ ባለው ስትሮው ለስላሳ ለመጠጣት ሲታገል አይተው ከሆነ ነገሩ ያው ነው።

ፓምፑ ሞቷል የተባለውን ያስጠረጠረን መካኒክ አልነበረም፤ እናቴ ናት። ድሬዳዋ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች ገና ድሮ «የአዲስ አበባ ሽምብራ አይበስልም» ትላለች። በዚያ ሰሞንም ድስቱ ላይ ቆማ ይህንኑ ስታማርር አባቴ ቀና ብለው «ልጄ፣ መመሪያው የተጻፈው የት አገር ነው?» አሉኝ። ልክ ነበሩ። በባሕር ወለል ላይ የአየር ግፊት 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለሆነች እዚህ ያለን 570 ገደማ ብቻ ነው። ውኃው ዝቅ ባለ ሙቀት ስለሚፈላ ሽምብራው ይዘገያል፤ ቫኪዩምም ካለው አየር በላይ ሊመጠጥ አይችልምና መለኪያው ዝቅ ብሎ ያነባል። ከተበዳሪ መካኒክ ያመጣሁትን መለኪያ ፓምፑ ላይ ብቻ ስገጥመው 500 አካባቢ ቆመ። ለአዲስ አበባ ይህ ጤነኛ ፓምፕ ነው።

እርስዎም ከሞከሩት ከፍሬኑ ይጀምሩ። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ፔዳሉን እስኪደነድን ደጋግመው ይርገጡ፤ ከዚያ እግርዎን ሳያነሱ ሞተሩን ያስነሱ። ፔዳሉ ትንሽ ወደ ታች መስመጥ አለበት። ካልሰመጠ ሰርቮው እየተረዳ አይደለም፤ ሌላውን ሁሉ ትተው፣ መኪናዋንም ሳይነዱ መካኒክ ይጥሩ። ፓምፑ ላይ እንደ መዶሻ የሚቀጠቅጥ ድምፅ ካለም እንዲሁ፤ ውስጡ ያለው ኩሽኔታ ከተሰባበረ ፍርፋሪው ሞተሩ ውስጥ ገብቶ ሰንሰለቱን ሊጎዳ ይችላል። ሞተሩ አልጠፋ ካለ ደግሞ ኮፈኑን ከፍተው ስቶፕ የሚል ጽሑፍ ያለበትን መጫኛ ይጫኑት፤ ይጠፋል። እጅዎን፣ ሻርፕዎንና የልጆችዎን ጣት ከቺንጊያውና ከቬንቲሌተሩ ያርቁ፤ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፤ ማርሹ ባዶ ይሁን።

ከዚያ በኋላ ሥራው መለየት ነው። ወደ በሮቹ የሚሄደውን ቀጭን ቢጫ ቱቦ ከመገናኛው ነቅዬ፣ መገናኛውን በልኩ በሆነ ብሎን ደፈንኩት። የፍሬኑን ወፍራም ቱቦ ግን ፈጽሞ አይንኩት። ሞተሩን አስነስቼ ቁልፉን ስዘጋ ወዲያው ጠፋ። አባቴ ከበረንዳው «ሰማሁ!» አሉ። ማጥፊያው ደህና ነው፤ ፓምፑ ደህና ነው፤ አየሩ የሚገባው በበሮቹ በኩል ነው ማለት ነው። ብሎን ደፍነው ሞተሩ አሁንም አልጠፋም ካለ ደግሞ ፍለጋዎ ወደ ቡናማው ቱቦ፣ ወደ ቁልፉ ማብሪያና ወደ ማጥፊያው ቫልቭ ይሄዳል።

በሮቹን ስንጀምር የአባቴ ተራ ደረሰ። ዓይናቸው ቢደክምም ጆሯቸው አልደከመም። ክንድ የሚያህል የጎማ ቱቦ ቆርጬ ሰጠኋቸው፤ አንዱን ጫፍ ጆሯቸው ላይ፣ ሌላውን በሮቹ ላይ እያንቀሳቀሱ አዳመጡ፤ ሐኪም ደረት እንደሚያዳምጥ። ከሾፌሩ ቀጥሎ ያለው በር ማጠፊያ አካባቢ ሲደርሱ እጃቸውን አነሱ። «ሽ... ይላል።» እኔ ምንም አልሰማሁም። ልባሱን ፈትቼ ሳየው፣ በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር የሚታጠፈው ቱቦ መገናኛ ላይ ያለችው የጎማ ክርን ደርቃ ተሰንጥቃለች።

ይህን ልብ ይበሉ፦ በአብዛኛው የሚያረጀው ላስቲኩ ቱቦ አይደለም፤ ቱቦና ቱቦ የሚያገናኙት ጥቃቅን ጎማዎች ናቸው። ሶማሌ ተራ ወርጄ በቱቦው ልክ ጥብቅ የሆነ የጎማ ቱቦ በሜትር ገዛሁ። ከፓምፑ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው የሻይ ነው። የቱቦውን የሰፋ ጫፍ በምላጭ ቀጥ አድርጌ ቆረጥኩ፤ ጎማውን ገፋሁበት። ማስቲሽ አላስፈለገም። አንድ ሙሉ ቅዳሜ ፈጀብን። ልጄ ብሎኖቹን በቡና ስኒ እየለየች ያዘች፤ አባቴ እያንዳንዱን መገናኛ አዳመጡ፤ እናቴም ሽምብራው በስሎ ምሳ ሲደርስ ጠራችን።

ማምሻውን ማሰሪያችንን አየን። ሞተሩ ከቁልፉ ጋር ይጠፋል። በሮቹ ጠቅ ይላሉ። ሞተሩ ጠፍቶ ግማሽ ሰዓት ከቆየ በኋላም መቆለፊያው ሠራ፤ ኋላ ያለው የቫኪዩም ማጠራቀሚያ ይዟል ማለት ነው። እርስዎም ይህን የግማሽ ሰዓት ፈተና አይዝለሉት፤ ሞተሩ እየሠራ የማይታይ ትንሽ ቀዳዳ ያን ጊዜ ነው የሚጋለጠው። ወንድሜ መጥቶ ቁልፉን ሦስት ጊዜ አብርቶ አጠፋውና ስለ ሽያጩ ዳግም አላነሳም። የድሮው ደብተርም ከመሳቢያው ወጣ፤ አባቴ እየነገሩኝ እኔ ጻፍኩበት። ከእሳቸው እጅ ጽሑፍ ቀጥሎ የእኔ መሆኑን ሳይ እጄ ትንሽ ከበደኝ።

አንድ ነገር ግን ቀርቷል። የኋላ ግራው በር መሳቢያ ውስጥ ያለችው ስስ ጎማ ተቀዳለች፤ ልኳን እስካሁን አላገኘንም። ሌሎቹን እንዳትጎዳ መስመሯን ደፈንነው፤ ያ በር በእጅ ይቆለፋል። ከጀርመን የሚመጣ ሰው ይዞልን እንዲመጣ ላዝዝ ብዬ ለአባቴ ነገርኳቸው። አሁን ከመኪናዋ በወረድን ቁጥር ዞረው ሄደው ያቺን መጫኛ በአውራ ጣታቸው ዝቅ ያደርጓታል።

«ተያት» አሉኝ። «ይህቺ የእኔ ሥራ ትሁን።»