«አቅማችሁን አሳዩ»

ዛሬ የኛን የቤት ማኅበር ጉዳይ እናውጋችሁ።

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ማኅበር የተደራጀን 24 ቤተሰቦች ነን። በ2005 የከተማው የቤት ምዝገባ ሲከፈት ብዙ ጎረቤቶቻችን ለ40/60 ተመዘገቡ። እኛ የራቅነው 60 በመቶው በባንክ ብድር፣ ብድሩም ከነወለዱ ስለሆነ ነው። ማኅበር መንገዱ ረጅም ነው፤ ግን ሪባ የለበትም ብለን ገባንበት። አንዱ ከሱቁ፣ ሌላው ከታክሲው፣ ገሚሱ ዐረብ አገር ካለች እህቱ እየተቀበለ በዝግ ሂሳብ አጠራቀምን። ቦታ ተሰጠን፣ ካርታ ወጣ፣ መሠረቱም ተጣለ።

ከዚያ አካባቢው መልሶ ማልማት ውስጥ ገብቷል ተባለ። በፊት ለኛ የተፈቀደው ባለ ሁለት ፎቅ ነበር፤ አዲሱ ፕላን ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ሕንፃ ይጠይቃል።

የ2011ዱን አዋጅ ቁጥር 1161 አውጥተን አነበብን። ባለይዞታዎች አቅሙ ካላቸው ቦታቸውን በፕላኑ መሠረት በግል ወይም በጋራ እንዲያለሙ ቅድሚያ ይሰጣል። «በጋራ» የምትለዋን ስናይ አልሐምዱሊላህ አልን! ችግሩ ያለው «አቅም» የሚለው ቃል ላይ ነው። አቅም ማለት ዛሬ ባንክ ውስጥ ያለ ገንዘብ ከሆነ፣ ወለድ የሚበደር ሰው በአንድ ሳምንት አቅም ያገኛል። ወለድ የሚፈራ ሰው ግን አቅሙ በዓመታት ነው የሚመጣው። ቤቱን መሥራት አቅቶት ሳይሆን ቀኑ ይቀድመዋል።

በዚያ ላይ የቢሮ ምልልስ አለ። መሬት የሚመለከተው ቢሮ ማኅበሩ ሕያው መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ አምጡ ይላል። ደብዳቤ የሚጽፈው ቢሮ ኦዲት ይቅደም ይላል። ኦዲተሩ ደግሞ የራሱ የቢሮው ሠራተኛ ነው፤ ካምና ጀምሮ እየጠበቅነው ነው። (ተራ ያልደረሰን ሰዎች ብዙ ስለሆንን ነው አሉን።)

ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ ሦስት ሐሳብ ቀረበ። አንዱ ቦታውን ለአልሚ ሰጥቶ አፓርታማ መቀበል ነው፤ ውሉን ያየ የሕግ ተማሪ ልጃችን የማስረከቢያ ቀን እንኳ የለውም አለ። ሁለተኛው መበደር ነው። «ዱሩራ ነው፣ ይፈቀዳል» ያሉ ነበሩ። አንዲት እናታችን «እኔ በኪራይ ቤት እየኖርኩ ነው፤ ሜዳ ላይ ስወድቅ ያኔ ዱሩራ በሉኝ» አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ። ሦስተኛው ብረትና ሲሚንቶውን በሙራበሓ ማግኘት ነው፤ ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ፣ ትርፉን አሳውቆ፣ በየጊዜው በሚከፈል ይሸጥልናል። «ያው ወለድ አይደል እንዴ?» የሚሉ ወጣቶች አልጠፉም። አይደለም፤ ዕቃው መጀመሪያ የባንኩ ንብረት ይሆናል፣ ዋጋውም ከተዋዋልን በኋላ አይጨምርም። ግን ባንኩም የግንባታ ፈቃድ አምጡ ይላል፤ ፈቃዱ ደግሞ አቅም ካላሳያችሁ አይሰጥም።

ስለዚህ ሙራበሓው እንደ አቅም ማስረጃ እንዲያዝልን፣ ግንባታውም በምዕራፍ እንዲከፈል በጽሑፍ ጠይቀናል። መልሱ አልመጣም። የተሰጠን ቀነ ገደብ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ቅዳሜ ከዐሱር በኋላ ድምፅ እንሰጣለን፤ ብዙ ያዋጣውም ጥቂት ያዋጣውም አንድ አንድ ድምፅ ነው ያለው። ዱዓ አድርጉልን።