ወደ ጋምቤላ ለሚወርድ ሰው የመድኃኒት ስንቅ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅማና በበደሌ፣ በመቱና በጎሬ አድርጎ ወደ ጋምቤላ የሚጓዝ ሰው እስከ ጎሬ ድረስ ካፖርቱን አይጥልም። ከቡሬ በኋላ ግን መንገዱ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርዳል፤ መጀመሪያ ካፖርቱ፣ ቀጥሎም ሹራቡ ይወልቃል። ባሮ ወንዝ ዳር ሲደርስ ከባሕር ወለል 500 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ባለ ሜዳ ላይ ቆሞ ላቡን ይጠርጋል።

ጋምቤላ ዐፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1902 ከእንግሊዝ ጋር ባደረጉት ውል መሠረት የንግድ ጣቢያ ሆና የተቆረቆረች ናት። በክረምት ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ቡና ሊጭኑ ከካርቱም እዚህ ድረስ ይመጡ ነበር። ዛሬም ማታ ማታ በወንዙ ዳር መናፈስ እጅግ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ወባ የምታስተላልፈው ቢምቢ የምትወጣው በዚሁ ሰዓት ነው።

ከሕፃንነቱ ጀምሮ በንዳድ እየታመመ ያደገ የቆላ ሰው፣ ፈጽሞ ባይድንም፣ ሰውነቱ በሽታውን በመጠኑ መቋቋም ይለምዳል። የደጋው ልጅ ይህ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1958 ወባ ከቆላው ወጥቶ ወደ ወይና ደጋው በተዛመተ ጊዜ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ እንደ ታመመና 150,000 ያህል እንደ ሞተ ተገምቷል። ያን ጊዜ በሽታው ወደ ደጋው ሰው ወጣ፤ በመስክ ሥራ የሚላከው ወጣት ሠራተኛ ግን ራሱ ወደ በሽታው ይወርዳል።

ስለዚህ ሐኪም ዘንድ መቅረብ የሚገባው ከጉዞው ሁለትና ሦስት ሳምንት አስቀድሞ ነው። የቢጫ ወባ ክትባት ኃይሉን የሚሰጠው ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ይህም በሽታ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ አገራችን 30,000 ያህል ሰው እንደ ገደለ ይገመታል። አንድ ጊዜ የተከተበ ሰው ለዕድሜ ልኩ ይበቃዋል። ለወባ መከላከያ ከሚታዘዙት መድኃኒቶች ሜፍሎኪን ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ይጀመራል። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ግን ዓርብ ደርሶ ሰኞ ተነሥ ማለት ልማዱ ነውና፣ ለእንዲህ ያለው ጥድፊያ ዶክሲሳይክሊን ይመቻል፤ ከጉዞው አንድ ወይም ሁለት ቀን በፊት ተጀምሮ በየቀኑ ከምግብ ጋር በብዙ ውሃ ይዋጣል። ለነፍሰ ጡርና ለትንንሽ ልጆች አይሆንም፤ ቆዳንም ለፀሐይ ስለሚያሳሳ ባርኔጣ ያስፈልጋል። የትኛው ለማን እንደሚስማማ የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

ከወዳጅ ቤት የተረፈ ክሎሮኪን በወረቀት ጠቅልሎ መሄድ ግን ከንቱ ነው። ብርቱው የወባ ዓይነት ይህን መድኃኒት ከለመደው ብዙ ዓመት ሆኖታል። (ዛሬ ለማናቸውም እንክብል የምንሰጠው ክኒን የሚለው ስም እንኳ የመጣው ከዛፍ ልጥ ይገኝ ከነበረው የንዳድ መድኃኒት፣ ከኪኒን ነው።)

ከመድኃኒቱ ይልቅ የሚረሳው አጎበር ነው። በመድኃኒት የተነከረ፣ ያልተቀደደ ይሁን፤ ጫፉም ከፍራሹ ሥር ይጠቅጠቅ። ማንጠልጠያ የሌለው ክፍል ብዙ ነውና ሲባጎና አራት ምስማር አብሮ መያዝ ብልህነት ነው፤ የሚቀደድ አይጠፋምና መርፌና ክርም ይጨመር። አጎበር የሚጠብቀው የተኛን ሰው ብቻ ነው። በረንዳ ላይ ተቀምጦ ለሚጫወት ሰው እጀ ሙሉ ሸሚዝ፣ ረጅም ሱሪና ካልሲ፣ በተገለጠው ቆዳ ላይ ደግሞ የቢምቢ መከላከያ ቅባት ያስፈልገዋል።

ለሆድ ሕመም ውሃ ማከሚያና የሕይወት አድን ንጥረ ነገር ጥቂት ከረጢቶች ይበቃሉ። ይህ ቢጠፋ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ለክቶ መበጥበጥ ነው። የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የአስም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከሚቆይበት ቀን አስበልጦ ይያዝ። መድኃኒትን በቆመ መኪና ውስጥ መተው አይገባም፤ ሙቀቱ ያበላሸዋል። ለኢንሱሊን ማቀዝቀዣ ከሌለ በእርጥብ ሸክላ ውስጥ ማኖር ይረዳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ወባ ከተነከሱ በኋላ ቢያንስ ሰባት ቀን፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በላይ ሳይታይ ይቆያል። አንድ ሳምንት ሠርቶ የተመለሰ ሰው እንግዲህ የሚታመመው ጋምቤላ ሳይሆን አዲስ አበባ ቤቱ ውስጥ ነው። ጋምቤላ ቢሆን ሐኪሙም፣ የሻይ ቤቱ አስተናጋጅም ወዲያው «ወባ ነው» ይሉታል። እዚህ ግን ጉንፋን ነው፣ ታይፎይድ ነው፣ የመንገድ ድካም ነው ሲባል ቀኑ ያልፋል፤ ብርቱው ወባ ደግሞ ሳይታከም ከቆየ በጥቂት ቀን ይገድላል። ስለዚህ ዶክሲሳይክሊኑ ከተመለሱም በኋላ አራት ሳምንት ይቀጥላል፤ ቤት ገብቻለሁ ብሎ ማቋረጥ የለም። ትኩሳት የተሰማውም በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ ሄዶ፣ ከሁሉ አስቀድሞ «ጋምቤላ ነበርኩ» ይበል፤ ደሙም ይመርመር። ኮአርተም ከታዘዘለት በሦስት ቀን ስድስቱንም ጊዜ ከምግብ ጋር ይጨርስ፤ ሲሻለው ግማሹን ለባልንጀራው አያስቀምጥ።

ሌላው የወባ ዓይነት ደግሞ በጉበት ውስጥ ተኝቶ ወራት ይቆያል። በኅዳር ወርዶ የነበረ ሰው በፋሲካ ሰሞን ቢያንቀጠቅጠው ያንኑ ቃል ለሐኪሙ ይድገምለት።