የአኩሪ አተር አገር ሻማ

ከዴ ሞይን ወደ ሴዳር ራፒድስ በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። በመንገዱ ግራና ቀኝ በቆሎና አኩሪ አተር ብቻ ነው። አዮዋ ታሰለቻለች የሚሉ ሰዎች፣ ነሐሴ ላይ አረንጓዴ ስትሆን ያላዩዋት ይመስለኛል። የአኩሪ አተር ሻማም የመጣው ከዚሁ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ማይክል ሪቻርድስ የተባለ ሰው ሴዳር ራፒድስ ውስጥ ሠራው።

እህቴ የምትኖረው እዚያ ነው። የ10 ዓመት ልጇ ለአያቷ ልደት ሽታ ያለው ሻማ ሠርታ ነበር። በማግስቱ ላዩ ነጭ ሆነ። «ሻገተ!» ብላ ልትጥለው ስትል ደረስኩ። አልሻገተም። ይህ ሰም ከዘይት የሚሠራ ስለሆነ ሲረጋ እንደ ውርጭ ነጭ ይላል፤ ሲነድ ምንም አያመጣም።

ሌላው ችግር ግን እውነተኛ ነበር። ለሙከራ ያበራችው ሻማ መሐሉ ብቻ ቀልጦ ጉድጓድ ሠራ፤ ዳር ዳሩ ሳይነካ ቀረ። ክሩ ለብርጭቆው ቀጭን ነበር። እኔ ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራም ሲበላሽ አንድ ነገር ብቻ ቀይሬ እሞክራለሁ፤ እዚህም ሽቶውንና ሰሙን ሳንነካ ክሩን ብቻ አወፈርን። ሰሙን የምናቀልጠው የፈላ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ነው፤ በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም። እናንተም ስትሞክሩ፣ መጀመሪያ ቀን ሰሙ እስከ ብርጭቆው ጠርዝ ይቅለጥ፤ ከ4 ሰዓት በላይ ግን አታቆዩት። ሽታው ደከም ካለ ሽቶ ለመጨመር አትቸኩሉ፤ ሻማውን ሳታበሩ 2 ሳምንት አስቀምጡት።

የንብ ሰም ጧፍ የለመደችው እናቴ ስጦታዋን ተቀብላ ደጋግማ አሸተተችው። «አተሩ የታለ?» አለች።