የጎልፏ ኮርኒስ እና የማስቲሽ ሽታ

ጠፍቼ ከረምኩ። ይሄኛው ረዘም ይላል፤ ቡና እስኪፈላ አንብቡት። በተለይ በ1996 ዓ.ም. አሰላ ላይ 9ኛ ክፍል ፊዚክስ ያስተማርኳችሁ፣ እባካችሁ ሳትጨርሱት አትለፉ።

ነገሩ የጀመረው በነጠላ ነው። ሰኔ ላይ ከባለቤቴ ጋር ኢተያ ለቅሶ ልንደርስ ወጣን። ደርሰን ከመኪና ስትወርድ ነጭ ነጠላዋ ላይ ቡናማ ዱቄት ተነስንሶበታል፤ ፀጉሯም ላይ አለ። ላራግፈው ስትል ጭራሽ ተቀባ። እንደዚያው ሆና ድንኳን ገባች። ለቀስተኛው አፈር ነስንሳ የመጣች መስሎት አንጀቱ ተላወሰ፣ ሁለት ሴቶች ደግፈው አስቀመጧት። ከሟች ቤተሰብ ጋር ያን ያህል ቅርበት እንኳ የለንም! ስንመለስ ጎንዴ እስክንደርስ አላናገረችኝም። ከዚያ፣ «ወይ መኪናውን ጣለው፣ ወይ ጣሪያውን አሠራው» አለች።

ጎልፌን የምታውቋት ታውቋታላችሁ። የ1995 ሞዴል፣ ሦስተኛው ትውልድ የሚሏት። ሞተሯ ሰላም ነው፤ የጭላሎን ብርድ ችላ ጠዋት በአንድ ቁልፍ ትነሳለች። ጣሪያዋ ብቻ እንደ እርጉዝ ሆድ ተንጠልጥሎ ከኋላ የሚመጣውን መኪና በስፖኪዮ ማየት ከተውኩ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር። መሸጥስ? እንዳትሉኝ። በ2012 የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከወጣ ወዲህ አሮጌ መኪና ማስገባት በቀረጥ የሚቃጠል ሆነ፤ በ2016 ደግሞ ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አታስገቡ ተባለ። እጁ ላይ አሮጌ ያለው ሰው አሮጌውን እየጠጋገነ ይኖራል። በኔ ደመወዝ እሷን ሸጦ ሌላ መግዛት ዘበት ነው።

ለማታውቁት፣ ጣሪያው የሚወድቀው ጨርቁ ስላረጀ አይደለም። ጨርቁና ጠንካራው ካርቶን መሳይ ሰሌዳ መሃል ሦስት ሚሊሜትር የምትሆን ስፖንጅ አለች። ስፖንጇ ፖሊዩሬቴን ናት። ሙቀትና እርጥበት ዓመት በዓመት ሲፈራረቁባት ትበሰብስና ዱቄት ትሆናለች። ጨርቁ ደህና ነው፣ ሰሌዳውም ደህና ነው፤ የሚያያይዛቸው ነው የጠፋው። ስለዚህ በመርፌ ቁልፍ መውጋት፣ በስፒል መያዝ፣ መሃሉ ላይ ሙጫ በስሪንጋ መርጨት (ሁሉንም ሞክሬያለሁ) ዱቄትን ከዱቄት ጋር ማጣበቅ ነው። የድሮዎቹ ቮልሶች ይሄ ጣጣ አልነበረባቸውም። የነሱ ጣሪያ በሽቦ ቀስቶች ላይ ተወጥሮ የሚሰፋ ነው፤ ይቆሽሻል እንጂ አይወድቅም።

አዳማ አንድ ታፒሴሪያ ቤት ዋጋ ጠየቅሁ። ሰውየው የነገረኝ የወር ደመወዜን ግማሽ በላይ ነው። እኔም በልቤ፣ «ፊዚክስ ያስተማርኩ ሰው ጨርቅ መለጠፍ ያቅተኛል እንዴ?» አልኩ። እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት፤ ወይም አንደኛው ስህተቴ ይሄ ነው።

ነሐሴ ላይ ከአርሲ ዩኒቨርሲቲ ለእረፍት ቤት የተቀመጠችውን ትንሿን ልጄን ረዳት አድርጌ ጀመርኩ። በነገራችን ላይ ሥራው ሲጀመር ነው ጣልያን መቼም ከዚህ አገር እንዳልወጣ የገባኝ። «ካቻቢቴ አምጪ፣ ፒንሳ አቀብዪኝ፣ ኮፈኑን ክፈቺ፣ ባትሪውን ንቀዪ።» ልጄ እየሳቀች፣ «አባዬ፣ አማርኛ ተናገር እንጂ» ትለኛለች።

መንቀሉ ቀላል ነው። የፀሐይ መከለያዎቹ፣ ከበሮቹ በላይ ያሉት የእጅ መያዣዎች፣ የውስጥ መብራቱ፣ ከዚያ የምሶሶዎቹ ፕላስቲኮች። ክሊፕሶቹ አርጅተዋል፤ በጉልበት ከሳባችሁ ይሰበራሉ፣ ቀስ ብሎ ከሥራቸው ማንሳት ነው። (አዲስ ሞዴል መኪና ያላችሁ ግን ምሶሶውና የጣሪያው ጠርዝ ውስጥ ኤርባግ ሊኖር ስለሚችል ቤት ውስጥ አትነካኩት።) ጎልፍ የኋላ በሯ ሰፊ ስለሆነ ሰሌዳው ሳይታጠፍ በዚያ በኩል ወጣ። ከታጠፈ ይሰበራል፤ ከተሰበረ ደግሞ ስብራቱ ዕድሜ ልኩን በጨርቁ ላይ ይታያል።

ሰሌዳውን በረንዳ ላይ አስተኛነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። የድሮውን ስፖንጅ በልብስ ብሩሽ ፈገፈግን፤ ልጄ ሳል ሲይዛት «ይበቃል» አልኩ። ከሱቅ የገዛሁትን ማስቲሽ ቀባን፣ ጨርቁን ዘረጋን፣ ለጠፍን። ለምሶሶዎቹ ሽፋኖችም በተረፈው ጨርቅ አለበስናቸው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አምሮ ነበር። ጎረቤት ተጠርቶ አየ። ፎቶ አንስቼ እዚሁ ገጽ ላይ ለጥፌ ነበር፤ «ጎበዝ ቲቸር» ያላችሁኝ አላችሁ። ላይካችሁን አሁን መመለስ ትችላላችሁ።

ጥቅምት ላይ አዳማ እህቴ ጋ ሄድን። አሰላ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ አዳማ ወደ 1,600 ግድም። በ75 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከካፖርት ወደ ሸሚዝ ትወርዳላችሁ። ዴራን አልፈን መልካሳ ስንቃረብ ከኋላ «ጢስ» የሚል ድምፅ መጣ፣ ፕላስተር ከቁስል ሲነሳ እንደሚሰማው። ባለቤቴ ቀና ብላ አየች፣ ምንም አላለችም። እህቴ ደጅ ሦስት ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆማ ስንመለስ ጨርቁ ወንበሮቹ ላይ ተኝቷል። በቆመ መኪና ጣሪያ ሥር ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ እንደሚያልፍ ለስንት ተማሪ ነግሬያለሁ! አሰላ የገባነው ባለቤቴ ከኋላ ተቀምጣ ጣሪያውን በመወልወያ እንጨት ደግፋ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ።

ጎረቤቴ አንድ ጎበዝ የታፒሴሪያ ባለሙያ እንዳለ ነገረኝና ሄድኩ። ከአንድ ሚኒባስ ውስጥ ወንበር ተሸክሞ የሚወጣ ሰው ቆም ብሎ አየኝ፣ ወንበሩን አስቀመጠ፣ እጁን በቱታው ጠረገና፣ «ቲቸር! ደህና ነዎት?» አለ። ጎንበስ ብሎ ጨበጠኝ። እኔ አላወቅሁትም። ስሙን ሲነግረኝም ወዲያው አልመጣልኝም። የመጣልኝ ከእጁ ነው። እጄን ወደ ፊቴ ሳመጣው ማስቲሽ ሸተተኝ።

1996 ዓ.ም.፣ ከሰዓት ፈረቃ፣ ከኋላ ሁለተኛው ወንበር ላይ አንድ ልጅ ነበር። ያረፍዳል፣ ይተኛል፣ ጥፍሮቹ ቢጫ ናቸው። ማስቲሽ ማስቲሽ ይሸታል። በዚያን ጊዜ መናኸሪያ አካባቢ በፕላስቲክ ጠርሙስ ማስቲሽ የሚስቡ ልጆች እናያለን፤ እኔም ሁለቱን አገናኘሁ። አንድ ቀን ተኝቶ ሳገኘው አስነሳሁትና በክፍሉ ሁሉ ፊት፣ «እዚህ የምታስተኛህን ጠርሙስ ውጭ ጥለህ ና፤ ከዚያ ወላጅ ይዘህ ትገባለህ» አልኩት። ክፍሉ ሳቀ። ሲስቁ ደስ ብሎኝ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ይሄን ለመጻፍ ነው ሦስት ቀን የፈጀብኝ። ልጁ ደብተሩን ሰብስቦ ወጣ። አልተመለሰም። እኔም አልጠየቅሁም። ክፍሉ ከ60 በላይ ነበር፣ አንድ ሲጎድል ቦታ ይሰፋል።

እሁድ ጠዋት ቤት መጣ። ቡና ቀረበለት፣ ቆሞ ጠጣው፤ ዓይኑ ሰሌዳው ላይ ነው። በአውራ ጣቱ ጫፉን ፋቅ ፋቅ አደረገ።

«ሲቀቡት ዝናብ ነበር አይደል?»

«ነበር።»

«ሙጫው ነጣ ብሎ ነበር?»

ነጣ ብሎ ነበር! ጭጋግ እንደያዘው መስታወት። እኔ የደረቀ መስሎኝ ነው የለጠፍኩት። «የደረቀ አይደለም፣ ውሃ ነው» አለ። ሙጫው ሲተን ፊቱ ይቀዘቅዛል፣ ብርዱና እርጥበቱ ሲጨመር ከአየሩ ላይ ውሃ ይስባል። የጤዛ ነጥብ ማለት ነው እንግዲህ። ስንት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ በኖራ እየሳልኩ ያስተማርኩት። ከስሩ ደግሞ ዱቄቱ በደንብ አልተፈገፈገም፣ ማስቲሹም ተራው ነው፣ ሙቀት ሲያገኝ ይለሰልሳል። እሱ ሙቀት የሚችለውን ይዞ መጥቷል።

ሰሌዳው ራቁቱን እስኪቀር ድረስ ሁለት ሰዓት አስፈገፈገን። ፀሐይዋ እስክትጠነክር ቁጭ ብለን ጠበቅን። ከዚያ በግማሽ በግማሽ ነው የሠራው። ጨርቁን ዘርግቶ ግማሹን አጠፈና ሰሌዳውንም የጨርቁን ጀርባም ስስ አድርጎ ቀባ፤ አፍስሰው ከቀቡት ስፖንጇ ትጠጣውና ትሟሽሻለች። ጣቱን ነካ አደረገ፣ ጠበቀ፣ ደግሞ ነካ አደረገ። ጣት ላይ የማይቀር፣ ግን ጣትን ያዝ የሚያደርግ ሲሆን ነው የሚለጠፈው። ከመሃል ወደ ዳር በመዳፍ። የመብራቱ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ጨርቁን መጀመሪያ ወደ ውስጥ አስገብቶ ነው ዙሪያውን የያዘው። እኔ ወጥሬው ነበር፤ የተወጠረ ጨርቅ ደግሞ ቀን ቆጥሮ ወደ ቀጥታው ይመለሳል።

ሁለተኛውን ግማሽ እየጠበቅን ሳለ፣ «1996 ላይ…» ብዬ ጀመርኩ።

«አስታውሳለሁ ቲቸር» አለ፣ ቀና ሳይል። «ያኔ የሸተተዎት ይሄው ነው። ጠዋት አጎቴ ጋ እሠራ ነበር። ሌሊትም የምንሠራበት ጊዜ ነበር።»

ዝም አልኩ። ልጄም ብሩሹን ይዛ ዝም አለች።

«ወላጅ አምጣ ብለውኝ አጎቴን ይዤው መጥቼ ነበር። ከሥራ በቀጥታ ስለመጣ ልብሱ ሙጫ ነበር። ጥበቃው አላስገባም አለው። ትንሽ ቆመን ተመለስን።»

ይቅርታ አልኩት። ምን እንዳልኩ በትክክል አላስታውስም፤ ረጅም ነበር፣ የተምታታ ነበር። እሱ ጣቱን ሙጫው ላይ ነካ አድርጎ፣ «ደርሷል ቲቸር፣ በዚያ በኩል ይያዙልኝ» አለ። ያዝኩለት። «ግድ የለም» አላለም። እንዲል ጠብቄ ነበር፤ እቤት ገብቼ ሳስበው ለምን እንደጠበቅሁ አፈርኩ።

ሲጨርስ ሂሳብ ጠየቅሁት። ሙሉውን ነገረኝ፤ «ለርስዎማ» የሚል ነገር የለም። ከፈልኩ። ጨርቁን ለአንድ ቀን እንዳንነካው፣ ሌሊቱን መስኮቶቹን ጣት የሚያስገባ ያህል ከፍተን እንድናሳድር ነገረን። ይሄን ልጽፈው እንደሆነ ስነግረው ትንሽ አሰበና፣ «ይጻፉት፤ ስሜን ግን አያስገቡ። ሥራ በዝቶብኛል፣ ማስታወቂያ መስሎት ሰው እንዳይጎርፍብኝ» አለኝ።

እንግዲህ የዚያ ክፍል ልጆች፣ ዛሬ ሐኪም፣ መምህር፣ ሾፌር፣ አሜሪካ ያላችሁም አላችሁ። ያን ቀን የተናገርኩት በእናንተ ፊት ስለነበር ይሄንንም በእናንተ ፊት ልበለው። ከኋላ ሁለተኛው ወንበር ላይ የነበረው ልጅ ማስቲሽ አይስብም ነበር። ይሠራ ነበር። እኔ ተሳስቼ ነው፣ እናንተም የሳቃችሁት እኔን ሰምታችሁ ነው። ማን እንደሆነ ያወቃችሁ ኮሜንት ላይ ስሙን እንዳትጽፉ።

ትናንት አዳማ ደርሰን መጣን። መልካሳ ላይ ባለቤቴ ቀና ብላ አየች፤ እኔም አየሁ። ይዟል። መኪናው ውስጥ ሽታው ገና አለቀቀም፣ መስኮት ከፍተን ነው የምንሄደው።