የመጸው ብርሃንና የሸማኔው ዓይን

በኢትዮጵያ የወቅቶች አከፋፈል መጸው ከመስከረም 26 ቀን ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን የሚዘልቅ ወራት ነው። በሰሜኑ የዓለም ክፍል ይህ ጊዜ ቅጠል የሚረግፍበትና ቀኑ የሚጨልምበት ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ደጋ ግን የክረምቱ ደመና ተገፎ ሰማይ የሚጠራበት፣ አደይ አበባ ኮረብታውን የሚያለብስበት፣ እህሉ አሽቶ ለአጨዳ የሚደርስበት ነው። ለገበሬው የምርት ተስፋ፣ ለካህኑ እስከ ኅዳር 5 ቀን የሚዘልቀው ዘመነ ጽጌ፣ ለተማሪው የአዲስ የትምህርት ዘመን መግቢያ ነው። ለሠዓሊ ደግሞ ከሁሉ በላይ የብርሃን ወቅት ነው። ዝናቡ አየሩን አጥቦ ስለሄደ ፀሐይ ሳትደበዝዝ ትወርዳለች፤ የጥላ ጠርዝ እንደ ተቆረጠ ጨርቅ ተለይቶ ይታያል።

ይህን ወቅት ዘንድሮ እንደ ሠዓሊ ለማየት ከሚታገሉት መካከል አንድ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ይገኛል። ዕድሜው 37 ዓመት ነው። የተወለደው በጋሞ ደጋ በጨንቻ አካባቢ ሲሆን፣ መወርወሪያ መያዝን ከአባቱ ተምሮ ገና በጉርምስናው አዲስ አበባ ገባ። የሁለት ልጆች አባት ነው። አሁን የማታ ሥዕል ትምህርት ቤት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሆኗል።

ለመሆኑ ሰው በዚህ ዕድሜው፣ ሙያም ቤተሰብም ይዞ ሳለ፣ እንደ ገና እርሳስ ቀርጾ ከተማሪ ወንበር ላይ ለምን ይቀመጣል? ምክንያቱ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ፍለጋ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በውጭ አገር ፋብሪካ የታተመ፣ የጥበብ ጥለት አምሳያ ያለበት ጨርቅ በገበያው ተሠራጭቷል። ሸማኔ ቀናት ፈጅቶ፣ የድሩን ክር በጣቱ እየቆጠረ የሚያስገባውን ጥለት የኅትመት መኪና በደቂቃዎች ታወጣዋለች። ከዚህም ሌላ የሚከነክነው ነገር ነበረ። አዲስ ንድፍ በወረቀት ተሥሎ ከሌላ ሰፈር ይመጣል፤ እርሱ ይሸምነዋል፤ ልብሱ በትርኢት አዳራሽ ሲታይ የንድፍ አውጪው ስም ይነገራል፤ የሸማኔው ስም ግን አይነሣም። ታዲያ ንድፉን ራሴ ማውጣት አለብኝ ብሎ ተነሣ። ለዚህም ማየትንና መሣልን መማር ግድ ሆነበት።

አባቱ ሐሳቡን አልወደዱትም። የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ለመስቀል ወደ ጋሞ የመውጣት ልማድ አላቸውና፣ እርሱም በመስከረም ከአባቱ ጋር በዓሉን ሲያከብር ጉዳዩን አነሣላቸው። ሽማግሌው ዓይናቸው ስለ ደከመ ከሽመናው ጉድጓድ ከወጡ ቆይተዋል። «ሸማኔ የሚበላው በዓይኑ ነው» አሉት። «ዓይንህን ለምን ለሌላ ሥራ ታበድራለህ?» መልስ አልነበረውም። ዝም ብሎ እጃቸውን ስሞ ተመለሰ።

የቀኑ ውሎ እንደሚከተለው ነው። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ እግሩን ከጉድጓዱ አስገብቶ መርገጫውን መርገጥ ይጀምራል። ልጆቹ ትምህርት ቤት ከመሄዳቸው በፊት ክር ያጠነጥኑለታል። ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፤ ማጉ ግን ባለቤቱ በእንዝርት የምትፈትለው ነው። እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ሲወረውር ይውላል። ከዚያም እጁን ታጥቦ፣ የሥዕል ወረቀቶቹን በትልቅ ካርቶን መካከል አድርጎ በብብቱ ይሸጉጥና ወደ ስድስት ኪሎ በሚወርደው ታክሲ ይሳፈራል። ትምህርቱ ከ11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ማታ ሲመለስ ልጆቹ ተኝተው ያገኛቸዋል።

በክፍሉ ውስጥ በዕድሜ የሚበልጠው ማንም የለም። ወጣቶቹ ተማሪዎች «ጋሼ» ይሉታል። መምህሩ ራሱ በ10 ዓመት ገደማ ያንሰዋል፤ ስለዚህ «እርስዎ» እያለ ያርመዋል፤ እርሱም «መምህር» እያለ እርማቱን ይቀበላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተሰጠው መልመጃ በከሰል ሣጥንና ማሠሮ መሣል ነበር። ሣጥኑን ከሁሉ አስበልጦ ሣለ። ቀጥ ያለ መስመር ለማስመር እጁ ማስመሪያ አያሻውም፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ድርና ማግን በቀጥታ ሲያገናኝ የኖረ እጅ ነው። ማሠሮው ላይ ሲደርስ ግን ተሸነፈ። ሽመና ጠመዝማዛ መስመር አያውቅም፤ ክብ ነገር በጥለት ላይ የሚወጣው እንደ ደረጃ በጥቃቅን እርከን ነው። የማሠሮውንም ሆድ እንዲሁ በእርከን አወረደው። ወጣቶቹ ፈገግ አሉ። መምህሩ ግን ወረቀቱን አንሥቶ ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከተውና «ይህ ስሕተት ብቻ አይደለም፤ የመጡበት መንገድ ነው። ይወቁት እንጂ አይጣሉት» አለው።

ይህ አባባል ለዚያ ተማሪ ብቻ የተነገረ አይመስልም። ዘመናዊ የሥነ ጥበብ ትምህርት በአዲስ አበባ መደበኛ ተቋም ካገኘበት ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ማለትም ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ካቋቋሙበት ጊዜ አንሥቶ፣ የአገሩን ዓይን ከባሕር ማዶ ከመጣው ሥልት ጋር እንዴት ማስማማት ይቻላል የሚለው ጥያቄ ከትምህርት ገበታው ተለይቶ አያውቅም። በዚያ ያስተማሩት ገብረ ክርስቶስ ደስታና እስክንድር ቦጎሲያን ሁለቱም በአውሮፓ ተምረው የተመለሱ ነበሩ። እስክንድር ከቤተ ክርስቲያን ሥዕልና ከጥንት የክታብ ጥቅልሎች መነሻ እየወሰደ አዲስ ዓለም ሠራ። ገብረ ክርስቶስ የጀርመኑን ረቂቅ ሥዕል ይዞ ሲመጣ ባዕድ ነው ያሉት ነበሩ፤ ዛሬ ግን ሥራዎቹ በስሙ በተሰየመው ቤተ መዘክር ይጎበኛሉ። ሸማኔው ይህን ክርክር ከመጽሐፍ አላነበበውም። በጣቶቹ ውስጥ ይዞት የመጣ ነው።

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ መምህሩ ክፍሉን ይዞ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ሄደ። ተማሪዎቹ ከጥንት ሥዕሎች ፊት ቆሙ። በእነዚህ ሥዕሎች ቀለም ከቀለም ጎን በወሰን ተከልሎ ይቀመጣል፤ አካል መሬት ላይ ጥላ አይጥልም። ሸማኔው ዓይኑን ከፊቱ ላይ አንሥቶ ወደ ልብሱ አወረደ። ሠዓሊው የልብሱን ጌጥ እየቆጠረ እንደሣለው ገባው፤ ሥራው ከራሱ ሥራ ጋር ዝምድና ነበረው። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን ስሙ እስከ ዛሬ ይታወቃል። ያንን የመሰለ ልብስ ለዘመኑ ሰዎች የሸመነው ማን እንደ ሆነ ግን የሚያውቅ የለም።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ቃል ማንሣት ይገባል። አማርኛ «ጥበብ» ሲል ዕውቀትን፣ ማስተዋልን፣ የእጅ ብልኀትን ማለቱ ነው። በነጠላና በቀሚስ ጠርዝ ላይ የሚወርደውንም ጥለት «ጥበብ» ብሎ ይጠራዋል። ቋንቋው ለሥራው ይህን ያህል ክብር ሲሰጥ፣ ኅብረተሰቡ ግን ሠሪውን ለብዙ ዘመን ንቆ ኖሯል። ሸማኔ፣ ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ጌጡ ተፈላጊ፣ ማዕዱ ግን የተገለለ ነበር። ጥበቡን እየለበሱ ጥበበኛውን መናቅ ቋንቋው ራሱ የሚመሰክርበት ጉድለት ነው።

በጥቅምት መጨረሻ አዲስ መልመጃ ተሰጠ። መምህሩ አንዲት ነጭ ነጠላ በወንበር መደገፊያ ላይ ጣል አደረገና በዘይት ቀለም እንዲሥሏት አዘዘ። ወንበሩ በመስኮቱና በአንድ ቢጫ መብራት መካከል ቆሟል። ሸማኔው ደስ አለው፤ ነጠላ የሚያውቀው ነገር ነውና። ለሥዕሉ የሚሆነውን ሸራ እንኳ ከገበያ አልገዛም፤ ማጉን አጥብቆ እየመታ ራሱ ሸምኖ፣ በኮላና በጄሶ ቀብቶ አዘጋጀው። ከዚያም ጥለቱን ክር በክር ቆጥሮ ሣለ፤ የቀረውን ጨርቅ ግን ከቱቦው እንደ ወጣ ነጭ ቀለም ቀባው። መምህሩ ከኋላው ቆሞ አየና «ጥለቱን ቆጥረውታል፤ ጨርቁን ግን አላዩትም። ነጩ የታለ?» አለው። ሸማኔው ግራ ገባው። ከነጭ በቀር ምን ቀባሁ ብሎ አሰበ።

ከዚያ በኋላ በየማታው ለዚያች ነጠላ ተሰለፈ። ፀሐይ 12 ሰዓት ገደማ ስለምትጠልቅ፣ የመስኮቱ ብርሃንና የመብራቱ ብርሃን አብረው የሚታዩበት ጊዜ ከግማሽ ሰዓት ብዙ አይበልጥም። በዚያች ግማሽ ሰዓት ወደ መብራቱ የዞረው እጥፋት ወደ ቢጫ ያደላል፤ መብራቱ ያልደረሰበት፣ ከመስኮቱ ብቻ የሚበራው እጥፋት ግን ሰማያዊ ይሆናል። ይህን ሌሎቹ ተማሪዎች በቶሎ አዩት። እርሱ አልታየውም። ዓይኑ ነገሩን ከማየቱ በፊት አእምሮው «ነጭ» እያለ ስሙን ይጠራበት ነበር።

መፍትሔው የመጣው ከቤቱ ነው። አንድ ማታ ተስፋ ቆርጦ ለባለቤቱ ችግሩን ነገራት። እርሷም እንዝርቷን ሳታቆም ሣቀች። «ነጭ አንድ ነው ያለህ ማነው?» አለችው። ተነሥታ ከሙዳይዋ ሦስት ልቃቂት አውጥታ አጠገብ ለአጠገብ አኖረችለት። አንዱ ከቆየ ጥጥ የተፈተለ ነው፤ ቅቤ መሰለ። አንዱ አዲስና በሚገባ የተነደፈ ነው፤ ወተት መሰለ። ሦስተኛው የፋብሪካው ክር ነው፤ ከሁለቱ ጎን ሲቀመጥ ሰማያዊ ሆኖ ታየ። ማጉ በአንድ ነጠላ ላይ እንዳይቀላቀል እርሷ ዕድሜዋን ሙሉ ስትለይ ኖራለች፤ ባሏ የተለየውን ክር ተቀብሎ ከመወርወር በቀር ጠይቆ አያውቅም ነበር። በማግሥቱ ማታ ከነጠላዋ ፊት ሲቆም ሰማያዊው እጥፋት ታየው።

ኅዳር 12 ቀን ሌላ ትምህርት መጣ። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ከተማይቱን ከፈጀ ወዲህ በዚህ ቀን ጥራጊ እየተሰበሰበ ይቃጠላል፤ ኅዳር ሲታጠን ማለትም ይኸው ነው። ሸማኔው በዚያ ማለዳ ወደ እንጦጦ አቀበት ጥቂት ወጥቶ ወደ ከተማው ተመለከተ። የቅርቡ ጣሪያ ጠርዙ ጎልቶ፣ መካከለኛው ለስልሶ፣ የሩቁ ከጢሱ ጋር ተቀላቅሎ ይታያል። መምህሩ ስለ ርቀት ያስረዳውና በቃል ሲሰማው ያልገባው ሁሉ ፊቱ ተዘርግቶ ቆየው። በእርሳስ ሦስት ንድፍ አወጣና ወደ ሥራው ወረደ።

ይሁን እንጂ ዕውቀት ቤት ኪራይ አይከፍልም። በዚያው ወር ማለቂያ አንዲት ነጋዴ ለጥምቀትና ለጥር ሠርግ የሚሆኑ 10 ቀሚሶች አዘዘችው። ቀነ ቀጠሮው ታኅሣሥ 20 ነው። የመንፈቁ የሥዕል ግምገማ ደግሞ ታኅሣሥ 18 ሆነ። አሥሩን ከተቀበለ የማታውን ትምህርት መተው ሊኖርበት ነው፤ ካልተቀበለ የክር ዕዳው አይከፈልም። ሁለት ቀን አሰበበት፤ ትምህርቱን ለመተው ወስኖ ለባለቤቱ ነገራት። እርሷ ግን «ስድስቱን ለጎረቤት ስጥ፣ አራቱን ሥራ። ዕዳው ወደ የካቲት ይሻገር» አለችው። እንደ ቃሏ አደረገ። በዚያ ወር ለአባቱ የሚልከው ገንዘብ ግን ተቋረጠ። ይህ ከሁሉ ይልቅ ከበደው።

የግምገማው ውጤት መልካምም ደካማም ነበረ። የነጠላዋ ሥዕል ለትምህርት ቤቱ ማሳያ ተመርጦ ተሰቀለ። የማሠሮው ሥዕል እንደ ገና እንዲሠራ ተወሰነ። እርሱም ውሳኔው ትክክል መሆኑን ያውቃል፤ ክቡ ነገር ገና አልተገዛለትም። ሆኖም ከዚህ መንፈቅ አንድ ቁም ነገር ማውጣት ይቻላል። ሠርቶ የሚያድር ሰው ለመማር ሲመጣ ባዶውን አይመጣም። ትምህርቱ የሚሠምርለት ያለውን ጥሎ የሰው ሲያነሣ ሳይሆን፣ በእጁ ላይ የኖረውን፣ ከጎኑ የተቀመጠውን ሰው ዕውቀት ጭምር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያየው ነው። የማታ ትምህርት ለአዋቂዎች መከፈቱ የሚጠቅመውም ተማሪውን ብቻ ሳይሆን ትምህርት ቤቱን ጭምር ነው።

ለአባቱ ጥያቄም መልሱ በቃል አልተላከም። አራቱ ቀሚሶች ካለቁ በኋላ፣ በታኅሣሥ የመጨረሻዎቹ ቀናት፣ ሸማኔው ከማንም ወረቀት ያልተቀዳ የመጀመሪያ ንድፉን ከሽመናው ላይ አወጣው። ነጠላ ነው፤ ጥለቱም ነጭ በነጭ፣ ከባለቤቱ ሦስት ልቃቂቶች የተሠራ ነው። ነጋዴዋ ቀሚሶቹን ልትወስድ መጥታ ከቤቱ ውስጥ ዘርግታ ተመለከተችው። «ጥለቱ የታለ?» አለች። ባለቤቱ ፈትሏን አስቀምጣ ተነሣች፤ የነጠላውንም አንድ ጫፍ ይዛ «ወደ ደጅ፣ ወደ ብርሃኑ ያውጡት» አለቻት።